የእማማ ንቅሳት

የገና ዋዜማ ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ያደረ ፎቶ አንሺ የጧፍን ብርሃን ፈተና ያውቀዋል። ምእመኑ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጧፉን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። ፍላሽ ማብራት ጸሎተኛን መረበሽ ነው፤ እኔ አላደርገውም። ያለችው ያቺ የጧፍ ብርሃን ብቻ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሌሊት አንዲት እናት አነሣሁ። ኖይዝ (ፎቶ ላይ የሚበተን ነጥባጣብ) ፈርቼ አይኤስኦውን 800 ላይ ያዝኩትና ፎቶው ጨለመ። ኋላ ኮምፒውተር ላይ ሳበራው፣ የነጠላው እጥፋት ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጥብ እንደ ጤፍ ተበትኖ ወጣ። ነጥቡን በሶፍትዌር ጠርጌ ፎቶውን አሳጠብኩትና ለልጃቸው ሰጠሁት። ልጁ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቆየ። «ጋሼ፣ የእማዬ ንቅሳት የታለ?» አለኝ። ግንባራቸው ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት ከኖይዙ ጋር አብሬ ጠርጌዋለሁ።

ብዙዎቻችን ኖይዝን አይኤስኦ የሚፈጥረው ይመስለናል። ዋናው ምንጩ ግን የብርሃን ማነስ ነው። ብርሃን ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው እንደ ዝናብ በጠብታ በጠብታ ነው። ካፊያ ሲጀምር አንዱ የግቢ ድንጋይ ሦስት ጠብታ ሲያገኝ ጎረቤቱ ደረቅ ይቀራል፤ ዶፍ ሲወርድ ሁሉም እኩል ይርሳል። 100 የብርሃን ቅንጣት የሚደርሰው ፒክስል ላይ መዋዠቁ 10 ገደማ ነው፤ አሥር በመቶ ማለት ነው። 10,000 ሲደርሰው መዋዠቁ 100 ቢሆንም አንድ በመቶ ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም።

አይኤስኦ ብርሃን አይጨምርም፤ የተሰበሰበውን ያጎላል እንጂ። ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳና ሻተሩ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ያኔ የያዝኩት ዙም ሌንስ ከf/3.5 ይበልጥ ሰፍቶ አይከፈትም ነበር፤ እስከ f/1.8 የሚከፈት ሌንስ ቢኖረኝ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ባስገባሁ። ጸሎተኛ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ ክርንን ጎን ላይ ተክሎ፣ ትንፋሽ ይዞ በ1/30 ሰከንድ ማንሣት ይቻላል። ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ አይኤስኦው 6400 ቢደርስ ዛሬ አልደነግጥም። በ800 አጨልሞ አንሥቶ ኋላ ሦስት ስቶፕ ማብራት ቢበዛ እኩል ቢሆን እንጂ አይሻልም፤ በብዙ ካሜራ ላይ እንዲያውም ይብሳል።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ፤ ይህኛው የበለጠ ይቆጨኛል። የጧፍ ብርሃን ቀይና ቢጫ ይበዛዋል፣ ሰማያዊ እምብዛም የለውም። እኔ ግን ነጠላው ነጭ ይሁን ብዬ ዋይት ባላንሱን ወደ ሰማያዊ ጎተትኩት። ሶፍትዌሩ ያቺን ያለችውን ጥቂት ሰማያዊ ሲያባዛ ኖይዟንም አብሮ አባዛ። ያ ሐምራዊ ነጥብ አብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። ደግሞስ በጧፍ ብርሃን የታየ ነጠላ መቼ ነጭ ሆኖ ያውቃል?

ደግነቱ ካሜራው የቀረጸውን ጥሬ ፋይል (ሮው) አላጠፋሁትም። እንደገና ከፍቼ ቢጫውን ተውኩለት። የቀለሙን ኖይዝ ብቻ ቀነስኩ፤ ፊታቸውን ሰም ያስመሰለውን ማለስለሻ ከ60 ወደ 15 አወረድኩት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲስ ማጽጃዎች እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን የጠፋውን እየገመቱ ይሞላሉ፣ የሰው እናት ግንባር ላይ ግምት አልፈልግም። በ30 በ40 ሴንቲሜትር ሳሳጥበው፣ ስክሪን ላይ ያስጨነቀኝ ቅንጣት በክንድ ርቀት የለም ማለት ይቻላል።

ልጁ መጥቶ አየው። መስቀሉ ደብዘዝ ብሎ፣ ከሽብሽባቱ መሀል ተመልሷል። የመስቀሉ የግራ ክንድ ጫፍ ግን ብዥ እንዳለ ቀረ፤ እዚያ ጋ የጧፉ ብርሃን አልደረሰም ነበር።