የታመመን ሕፃን ሐሳብ ከሕመሙ ማራቅ

 



ስለ የቲሞች ድጋፍ ስንነጋገር ዘወትር የምናነሳው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስና ስለ ደብተር ነው። የቲሙ ሲታመምም የካርድና የመድኃኒት ወጪውን እንሸፍናለን። ይህ ሁሉ አላህ ይቀበለውና ትልቅ ሥራ ነው። ዛሬ የማነሳው ግን በወጪ መዝገባችን ላይ ተጽፎ ስለማያውቅ ነገር ነው። ይኸውም ሕፃኑ በሕክምናው ሰዓት ስለሚቀምሰው ሕመም፣ ያንንም ሕመም ለማቅለል የዘመናችን የሕክምና ጥበብ ስለደረሰበት አንድ ዘዴ ነው።

የቃጠሎ ቁስልና የፋሻ ቀን

የደብረ ማርቆስን ደጋ የሚያውቅ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። በክረምት ልጆች ከምድጃ ዙሪያ አይርቁም። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ጀበናውም የወጡም ድስት የሕፃን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይጣዳሉ። ስለዚህም በእሳትና በፈላ ውኃ መቃጠል ለቤታችን እንግዳ አደጋ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቃጠሎ ምክንያት በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ቀለል ያለው ቃጠሎ እዚሁ በጤና ጣቢያና በከተማችን ሆስፒታል ይታከማል። ከባዱ ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ሆስፒታልን ወደመሰለ የቃጠሎ ሕክምና ወደሚሰጥ ተቋም ሊላክ ይችላል። የትም ይታከም የት፣ የቃጠሎ ሕመም በተቃጠሉበት ቀን አያበቃም። ቁስሉ ይታጠባል፣ የሞተው ሥጋ ይነሳል፣ ፋሻው ይቀየራል። ይህም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይደጋገማል። ሕፃኑ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሕክምና ዕቃው ሲቀርብ ገና ሳይነኩት ማልቀስ ይጀምራል። ፍርሃቱ በሕመሙ ላይ ይጨመራል፤ ሕመሙ ደግሞ የሚቀጥለውን ቀን ፍርሃት ይወልዳል።

የበረዶው ዓለም

ይህ ችግር በሀብታም አገሮችም ያለ ነው። በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ የሚገኘው ሃርበርቪው ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምናው የታወቀ ነው። በዚያም የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን፣ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት እየተሰጣቸውም በቁስል እጥበት ወቅት ክፉኛ የሚሠቃዩ ሕሙማንን ለመርዳት ቨርችዋል ሪያሊቲ የተባለውን ዘዴ ሞከሩ።

ቨርችዋል ሪያሊቲ ማለት በኮምፒዩተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም ነው። ሕመምተኛው በሁለቱም ዓይኖቹ ፊት ትናንሽ ስክሪኖች ያሉት፣ ሰፊ መነፅር የመሰለ መሣሪያ ያደርጋል። ራሱን ወደ ቀኝ ሲያዞር የሚያየው ሥዕል አብሮ ይዞራል፤ ወደ ላይ ሲመለከት ሰማይ ይታየዋል። በዚህ ጊዜ ቁስሉን፣ መቀሱንና ፋሻውን አያይም።

ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የተቃጠሉ ሁለት ወጣቶችን መረመሩ። ወጣቶቹ ቁስላቸው ሲታከም በከፊል ተራ የቪዲዮ ጨዋታ ተጫወቱ፤ በከፊል ደግሞ ምናባዊውን ዓለም ተመለከቱ። ሁለቱም በምናባዊው ዓለም ውስጥ በነበሩበት ጊዜ የተሰማቸው ሕመም ያነሰ እንደነበር ገለጹ። ከዚያም ለተቃጠሉ ሰዎች ታስቦ «ስኖውወርልድ»፣ ማለትም የበረዶ ዓለም የተባለው ተዘጋጀ። በእሱም ሕመምተኛው በበረዶ ገደሎች መካከል እየተንሳፈፈ የበረዶ ድቡልቡል ይወረውራል። የእኛ ልጆች በክረምት የጣለውን በረዶ ለቅመው ሲወራወሩ እንደምናየው መሆኑ ነው። እሳት ላቃጠለው ሰው ከበረዶ የበለጠ ምን ተቃራኒ ሊገኝለት ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ መሣሪያ ተደግፎ ጤነኛ ፈቃደኞችን መረመረ። እግራቸው ላይ የሚያም ሙቀት እየተደረገባቸው ምናባዊውን ዓለም ሲያዩ፣ ከሕመም ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎች ሥራ በግልጽ ቀነሰ። ስለዚህ ነገሩ ሕመምተኛው ለይሉኝታ ሲል «አላመመኝም» ማለቱ ብቻ አይደለም። በ2007 በወጣው ጥናት ደግሞ ጠንካራው የሕመም ማስታገሻና ምናባዊው ዓለም አንድ ላይ ሲሆኑ ማስታገሻው ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት ሰጡ። ከዚህም የምንማረው ዘዴው የመድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አለመሆኑን ነው።

ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን

ይህ እንዴት ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሊቃውንት ስለ ሕመም አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እነሱ አገላለጽ የሕመም መልእክት ከቁስሉ ተነስቶ በቀጥታ አንጎል ውስጥ አይገባም፤ በሕብለ ሰረሰር ላይ በር የመሰለ መቆጣጠሪያ አለው። ይህን በር ሰፋ ወይም ጠበብ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ፍርሃት፣ ጭንቀትና ሕመሙን መጠባበቅ በሩን ያሰፉታል፤ መረጋጋትና በሌላ ነገር መመሰጥ ያጠብቡታል። የሰው ትኩረት ደግሞ ልክ አለው። ሌላ ነገር በብርቱ ከያዘው ለሕመሙ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ለእኛ ለቁርኣን ተማሪዎች ይህ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ የዐዚዝ ሚስት የከተማዋን ሴቶች ጋብዛ ለእያንዳንዳቸው ቢላዋ ከሰጠች በኋላ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) እንዲወጣባቸው አደረገች። ሴቶቹም ባዩት ጊዜ ከመደነቃቸው የተነሳ እጆቻቸውን ቆረጡ። የተፍሲር ሊቃውንት ልባቸው በእሱ ስለተወሰደ የቢላዋው ስለት እንዳልተሰማቸው ያብራራሉ። ልብ የሄደበትን አካል ይከተለዋል።

መሣሪያው በእጃችን ባይኖርስ?

ከዓመታት በፊት ቁርኣን ከማስቀራቸው ልጆች አንዱ፣ አባትና እናቱን ያጣ ሕፃን፣ ክንዱ ላይ የፈላ ሻይ ተደፋበት። የሕክምናውን ወጪ ተባብረን ከፈልን፤ በዚህም ግዴታችንን የተወጣን መሰለን። አያቱ ከቤት መውጣት አይችሉም ነበርና መጀመሪያ ያደረሰው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እሱም በር ላይ ይጠብቀው ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔ ሄድኩ። ነርሷን አስፈቅጄ በራስጌው ተቀመጥኩ፤ ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩና የዐረብኛ ፊደላትን ከያ ጀምሮ ወደ አሊፍ እንዲቆጥርልኝ ጠየቅሁት። ይህ ለአዋቂም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሲሳሳት እንደገና እንጀምራለን። አላለቀሰም አልልም፤ አልቅሷል። ነገር ግን ከለቅሶው መካከል ፊደሎቹን ይፈልግ ነበር። ፋሻው ታስሮ ሲያልቅ የተናገረው ቃል አሁንም ከልቤ አልወጣም። «ኡስታዝ፣ የሚቀጥለው ቀንም ይመጣሉ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የከፈልነው ለፋሻው ብቻ እንደነበር የገባኝ። አባት ወይም እናት ያለው ሕፃን የሚይዘው እጅ፣ የሚያየው ፊት አለው። የቲሙ ግን ያንን ክፍል ብቻውን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው መመሪያ ላይ አሳዳጊው ከሕፃኑ ሳይለይ አብሮት እንዲገኝ፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችም በመጫወቻ፣ በቪዲዮ፣ በሙዚቃ ወይም በጨዋታ ወሬ ትኩረታቸው እንዲወሰድ ይመክራል። ባለ ብዙ ዋጋው መሣሪያና አብሮ የሚቀመጥ ሰው የሚሠሩት ሥራ ተቀራራቢ ነው ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቲም ታሞ ለሕክምና ሲላክ የሚቀርበው አንድ አዋቂ አብሮት እንዲገባ እናመቻች። የዚህን ሰው የመጓጓዣና የምሳ ወጪ የሕክምናው አካል አድርገን እንቁጠረው።

ሁለተኛ፣ ሕመሙን ለባለሙያዎች እንንገር። በአገራችን ሆስፒታሎች የሕመም መጠን እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት ሁሉ እንዲለካ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ «ከእጥበቱ በፊት የሚሰጠው ማስታገሻ አለ ወይ? ስንት ሰዓት ላይ ቢወስድ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሶብር ማለት ሕክምናን መተው አይደለምና።

ሦስተኛ፣ ለሕፃኑ እውነቱን እንንገረው። «ምንም አያምም» ተብሎ የተታለለ ልጅ ሁለተኛ አያምነንም። «ትንሽ ያምሃል፣ እኔ ግን አጠገብህ ነኝ» ማለት ይሻላል።

አራተኛ፣ ሐሳቡን የሚይዝ ሥራ አዘጋጅተን እንሂድ። ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ቁጥር ወደ ኋላ መቁጠር ወይም በስልክ የሚታይ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል።

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ገዝታችሁ ለመላክ ብታስቡ፣ አስቀድማችሁ ተቀባዩን ሆስፒታል አማክሩ። መሣሪያው በየሕመምተኛው መካከል መጽዳት አለበት፤ አንዳንዱን ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ ፊቱ ለተቃጠለና የሚጥል በሽታ ላለበት ላይስማማ ይችላል። የሚያውቀው ባለሙያ ከሌለም ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

የየቲምን ራስ በርኅራኄ መዳበስ ምን ያህል ምንዳ እንዳለው ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ያ ራስ ከሁሉ ይልቅ እጃችንን የሚፈልገው በሕክምና አልጋ ላይ በተኛ ጊዜ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙ ልጆቻችንን ይፈውስልን፤ የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ ጊዜያችሁንም ይባርክላችሁ። አሚን።