ያልታደሰ ቮልስ ለአዋቂ ሲሸጥ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና ሊሸጥ የተነሣ ሰው ከጎረቤትም ከደላላም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ቀለም አስቀባው፣ ወንበሩን አስለብሰው፣ ከዚያ ሽጠው» ይባላል። ምክሩ ለቶዮታ ይሠራ ይሆናል። ከፋብሪካ በወጣበት ቀለም ላለ፣ ብዙ ላልተነካካ የእ.ኤ.አ. 1966 ሞዴል ቮልስዋገን ግን ገንዘብ አውጥቶ ዋጋ መቀነስ ነው። ይህን በድፍረት የምለው እኔና ሦስት ወንድምና እህቶቼ የሟች አባታችንን ቮልስ ባለፈው ዓመት ስለሸጥን፣ በዚያው ሰበብ የቮልስ ወዳጆች መኪና ሲያዩ ዓይናቸው የት የት እንደሚያርፍ በቅርብ ስለተመለከትኩ ነው።

በእኛ አገር የአሮጌ መኪና ገበያ የተለየ ነው። በሌላው ዓለም ያረጀ መኪና ዋጋው ይወድቃል፣ አብዛኛው ወደ ቁርጥራጭ ይሄዳል፣ የተረፈው ጥቂቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በሰብሳቢዎች እጅ ዋጋው ይነሣል። እዚህ ግን መኪና ወድቆ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ጭራሹን እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም ነገር ገዢ አለው። ቮልስ ለመሸጥ ሲወጡ በርዎን የሚያንኳኩትም ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው መኪና የሚፈልግ፣ ሁለተኛው ቮልስ የሚፈልግ። የመጀመሪያው ቀለሙ ሲያብረቀርቅ ይደሰታል። ሁለተኛው ቀለሙ ሲያብረቀርቅ ይጠራጠራል።

የሚጠራጠርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቮልስ በራሱ ብርቅ አይደለም። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርቷል። ጎሚኒው፣ ፓራፋንጎው፣ ማርሚታው፣ ሌላው ቀርቶ ወለሉ ሳይቀር ዛሬም አዲስ ተሠርቶ በውጭ አገር ይሸጣል። በገንዘብ የማይገዛው ያልተነካው ነው። የፋብሪካው ቀለም አንዴ በብርጭቆ ወረቀት ከተላገ የሚመለስበት መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በምህጻሩ ፊቫ፣ ባወጣው የቱሪን ቻርተርም ላይ ጠብቆ ማቆየት ከማደስ ይቀድማል። ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ከቅንጦት ይልቅ ከማስረጃ ጋር የተያያዘ ነው። አሮጌው ቀለም መኪናው ተጋጭቶ እንደሆነ፣ ላሜራው ተቆርጦ ተበይዶ እንደሆነ፣ ስቱኮ የት እንደተሞላ ይናገራል። አዲስ ቀለም ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ገዢው ሊያየው ያልቻለውን ነገር ደግሞ ሁልጊዜ በክፉው ይገምተዋል፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አዋቂ ገዢ እንዴት እንደሚመረምር ልንገርዎ፤ ሻጩም ቀድሞ ራሱ ቢያየው ይበጀዋል። መጀመሪያ የሚያነሣው የኋላውን ወንበር ነው። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ሥር፣ መሀል ለመሀል በሚያልፈው ቱቦ ላይ ተመትቷል። የዚያ ዘመን ቁጥር ራሱ ይናገራል፤ በ116 የሚጀምር ከሆነ የ1966 ሞዴል ነው፣ በ117 ከሆነ የ1967። ሊብሬ ላይ የተጻፈው ዓመት ብዙ እጅ ሲያልፍ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ማየቱ ይሻላል። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የ1300ው ሞተር ቁጥር በኤፍ ፊደል ይጀምራል፤ በዲ የሚጀምር ባለ 34 ፈረስ ጉልበቱ 1200 ነው፣ በኤች የሚጀምር 1500። የእኛው ዲ ነበር። አባታችን በ1978 ዓ.ም. አስቀይረውት ሊብሬው ላይ አስመዝግበዋል፤ ደረሰኙም ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ ተገኝቷል። ታላቅ ወንድሜ «ይህን ለምን ትነግራቸዋለህ?» ብሎኝ ነበር። ፊደሉን ማንበብ የሚችል ሰው ሳይነግሩት ካገኘው ሌላውንም ቃልዎን አያምንም።

ከዚያ የፊት መብራቶቹን ያያል። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ለአውሮፓ የተሠሩት ቮልሶች የፊት መብራታቸው መስተዋቱ ጋደል ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የሚታሰሩ በመሆናቸው በተጋጨ ቁጥር ከሌላ ሞዴል እየፈቱ መግጠም የተለመደ ነው፣ ስለዚህ አራቱም የራሱ የሆኑ ቮልስ ማግኘት ቀላል አይደለም። የእኛው የቀኝ የፊቱ የሌላ ነው፤ ቀለሙም ትንሽ ይለያል። እሱንም ተውነው።

ዝገትን በተመለከተ ከተማችን ባለውለታ ናት። ከባሕር የራቀችና በመንገዶቿ ላይ ጨው የማይነሰነስባት በመሆኗ፣ ጀርመን አገር ቢሆን ድሮ የበሰበሰ መኪና እዚህ ቆሞ ይገኛል። ቢሆንም ክረምቱን ውጭ ያደረ ቮልስ ሦስት ቦታ ይታመማል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣው ቱቦ ውሃ ይቋጥራል። ከፊት ደግሞ ቅያሪ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ። ገዢው ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ ነው። እኛ ዘንድ ከባትሪው ሥር አውራ ጣት የምታክል ቀዳዳ ነበረች። ላሜራ ሠሪ ጠርተን በግማሽ ቀን ማስደፈን እንችል ነበር፤ ነገር ግን አዲስ ጥቁር ቅባት የተቀባ ወለል ከቀዳዳዋ ይልቅ ያስፈራል።

ታዲያ ሻጩ ምንም አይሥራ ማለቴ አይደለም። መኪናውን በውሃ ማጠብ፣ ውስጡን ማጽዳት፣ ፍሬኑ እንዲይዝ ማድረግ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ማደስ ግድ ነው፤ ገዢ ሳይነዳው አይገዛምና። ቀለሙን በማሽን ማሸት ግን አያስፈልግም። ፎቶ ሲያነሡ ጉድለቱን አስቀድመው ያንሡ፤ ቀዳዳውን፣ የተቀደደውን ወንበር፣ የተሰነጠቀውን መሪ። እኛ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚሠራውንና የማይሠራውን ጻፍን፤ ፍሪሲዮኑ ወደላይ ቀርቷል፣ የነዳጅ መለኪያው ውሸታም ነው፣ መብራቱ በ6 ቮልት ስለሆነ አምፖል እንደልብ አይገኝም፣ ወዘተ። ደግሞም ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አያሙቁ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል እላለሁ። ሌሊቱን ያደረ የቮልስ ሞተር በራሱ ሲነሣ የሚሰማው ድምፅ ሻጩ ከሚናገረው ሁሉ በላይ ይታመናል፤ የሞቀ ሞተር ይዞ የሚጠብቅ ሰው ግን አንድ የሚደብቀው ነገር እንዳለው ይቆጠራል።

ዋጋው ላይ ቤተሰባችን ተከፋፍሎ ነበር። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ አሜሪካ ውስጥ ቮልስ በጨረታ የተሸጠበትን ዋጋ በየማታው ትልክልን ነበር። የአሜሪካ ጨረታ ለአዲስ አበባ ሻጭ መለኪያ አይሆንም፤ ገዢው እዚያ ነው፣ መኪናው እዚህ፣ በመሀሉ ማጓጓዣውም ወረቀቱም አለ። ደላላ ያመጣው ሰው ከሁሉም ከፍ ያለ ዋጋ ሰጠ። ሐሳቡ ጣራውን ቆርጦ ለሠርግ ኪራይ ማዋል ነበር። የቮልስ ወዳጅ የሆነ አንድ የኮሌጅ መምህር ከዚያ አሥር በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ዋጋ አቀረበ፤ ጉድለቱን የጻፍንበትን ወረቀት ይዞ ወለሉ ላይ ተንጋሎ አንድ በአንድ አመሳከረና አንዲት ብር ሳይቀንስ በቃሉ ጸና። ታናሽ ወንድማችን ኪራይ ቤት የሚኖር ነውና ልዩነቱ ለእሱ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። እሱን በስሜት ለማሳመን አልሞከርንም፤ ሦስታችን ከድርሻችን አዋጥተን የእሱን ሞላንለት። የአባታችሁ መኪና እንዳይቆረጥ ከፈለጋችሁ ሒሳቡን የፈለገው ሰው ይክፈል የሚለው አነጋገሩ ትክክል ነበር።

የቀረው ወረቀት ነው፤ ብዙ ሽያጭ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳይዙ ገዢ አይጥሩ። እናታችን ቀደም ብለው በማረፋቸው ወራሾቹ እኛ አራታችን ብቻ ነበርን፤ በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ ካለ የእሱ ወይም የእሷ ድርሻና ፈቃድ ይቀድማል። እህቴ ውክልናዋን በኤምባሲው በኩል ሰጥታ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ውልና ማስረጃ እስኪደርስ ሁለት ወር ግድም ፈጀ፤ መምህሩ ታገሠ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙንም ከፊርማው ቀን በፊት ከገዢው ጋር ሆነው ይዩ።

ውል ተፈርሞ ቁልፍ ከተሰጠ በኋላም ጉዳዩ አላለቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ሊብሬው በእርስዎ ስም እስካለ ድረስ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የውሉን ቅጂ ይያዙ፣ ስም ማዞሩን ለገዢው ብቻ አይተዉት፣ ቢቻል አብረው ይሂዱ። እኛ አብረን ሄድን። መምህሩ አዲሱን ሊብሬ ኪሱ ከከተተ በኋላ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቆርቆሮ ሣጥኑን ከነደረሰኞቹ።