የእሬቱ ማሰሮ ከውዱእ ቦታ ይራቅ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች በብዙ ሳሎኖች ውስጥ እሬት፣ እንዳሁላ ወይም ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሳንሲቬሪያ እናያለን። ብዙ እንክብካቤ ስለማይፈልጉ ይወደዳሉ። ሆኖም ክረምቱ ሲጠና ግርጌያቸው ይለሰልስና ዘንበል ብለው ይወድቃሉ። ባለቤቱም «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል። የገደለው ግን ያው ውሃው ነው።

አላህ እነዚህን ተክሎች ለደረቅ ምድር የሚስማማ ተፈጥሮ ሰጥቷቸዋል። አብዛኛው ተክል በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ አየር ይስባል፤ በዚያው ቀዳዳ ውሃው ይተናል። እሬትና መሰሎቹ ግን በአብዛኛው የሚከፍቱት ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። የሳቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጠው፣ ሲነጋ በብርሃኑ ምግብ ይሠሩበታል። ቅጠላቸው ራሱ የውሃ ጎተራ ነው። ጎተራው ሞልቶ ሳለ አፈሩም ከረጠበ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ለሚኖር ሰው ደግሞ የክረምቱን ጉም መንገር አያስፈልግም። በዚህ እርጥበት የማሰሮ አፈር ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ «በሳምንት አንድ ጊዜ አጠጡ» የሚለው ምክር ለእኛ አይሆንም። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እርጥበት ከተሰማ ይቆይ። ከሰኔ እስከ መስከረም በወር አንድ ጊዜ እንኳ ሊበቃ ይችላል፤ በበጋ በሁለትና በሦስት ሳምንት።

አንድ የምናየው ነገር አለ። ማሰሮው በር ላይ፣ ውዱእ ከሚደረግበት አጠገብ ይቀመጣል፤ ከውዱእ የተረፈው ውሃ እንዳይባክን ተብሎ እዚያው ይፈሳል። ኒያው መልካም ነው፤ ነገር ግን በቀን አምስት ጊዜ የሚጠጣ እሬት አይኖርም። ያ ውሃ ለጓሮው ሙዝ ወይም አቮካዶ ይሁን።

የጅማ ቀይ አፈር ለቡና ጥሩ ነው። በትንሽ ዕቃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ግን ይጠቀጠቃል። ግማሽ በግማሽ ከሻካራ አሸዋ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል፤ በደንብ የበሰበሰ የቡና ገለባ ጥቂት ማከልም ይቻላል። የወተት ጣሳ የሚጠቀም ሰው ታችውን በሚስማር ይብሳው። የተሰነጠቀ የሸክላ ማሰሮ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሸክላው እርጥበቱን ያስወጣል። ቦታው ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ ይሁን። ሳንሲቬሪያ ጨለም ያለ ክፍልንም ይችላል።

ልጆች ባሉበት ቤት ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ቅንጭብና ቁልቋል ሲቆረጡ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ እነዚህን ቤት ውስጥ አታስገቡ። ከነካም ወዲያውኑ ዓይንን በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከእሬት ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽም ሆድን ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። ጡት ለማስጣል እሬት የሚቀቡ እናቶች ይህን ይወቁ፤ ነፍሰ ጡርም አትጠጣው።

«የቤቱን አየር ያጸዳሉ» የሚባለው ተጋኗል። ወሬው የተነሣው ናሳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 በታሸጉ ትናንሽ ሣጥኖች ውስጥ ካደረገው ሙከራ ነው። መስኮት በሚከፈትበት ቤት ጥቂት ማሰሮዎች ያን ያህል ለውጥ አያመጡም። ለውበታቸው ብቻ ብናኖራቸው ምን ችግር አለው?

ለጎረቤት ማካፈልም ቀላል ነው። የሳንሲቬሪያን ቅጠል ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን አቆይቶ፣ የታችኛውን ጫፍ አሸዋማ አፈር ውስጥ መትከል ነው። ሥር ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ጠርዙ ቢጫ የሆነው ዓይነት ግን ከቅጠል ሲራባ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ቢጫውን የሚፈልግ ከሥሩ ከፍሎ ይትከል።