የጃፓን የዕፅዋት ማቅለሚያ ቃላትና የአማርኛ አቻ ፍለጋ

ከዕፅዋት በሚገኝ ቀለም ጨርቅ የማቅለም ጥበብ በጃፓን አገር ረዥም ዕድሜ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ927 ተጠናቆ የቀረበው «ኤንጊሺኪ» የተባለው የቤተ መንግሥት ሥርዓት መድበል፣ ለየቀለሙ የሚያስፈልገውን የዕፅ፣ የአመድ፣ የሆምጣጤና የማገዶ መጠን ሳይቀር ይዘረዝራል። ዛሬ ይህ ጥበብ በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ የቃላቱ ዕጣም ከሙያው ዕጣ የተለየ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃላቱ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደ ያዙ ማሳየትና፣ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ያ ዕውቀት እንዳይባክን ምን መደረግ እንደሚገባው መጠቆም ነው።

በቅድሚያ የሙያው መጠሪያ ራሱ ሊስተዋል ይገባዋል። «ኩሳኪዞሜ» የሚለው ቃል ሣር፣ ዛፍና ማቅለም የሚል ፍቺ ካላቸው ሦስት ቃላት የተጣመረ ነው። ጥንታዊ ይመስላል እንጂ እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ ያማዛኪ አኪራ የተባለው ደራሲ ያወጣው ቃል ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ዘመናት ማቅለም ሁሉ በተፈጥሮ ቀለም ስለ ነበር፣ «ሶሜ» ማለት ብቻውን ይበቃ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ሞቭ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ፣ በ1897 ደግሞ በጀርመን አገር በፋብሪካ የተሠራ ኢንዲጎ ለገበያ ከቀረበ በኋላ፣ ነባሩ ሥራ መለያ ቅጽል አስፈለገው። በእኛም ቋንቋ «የሐበሻ ጎመን»፣ «የሐበሻ ዶሮ» የሚሉት አነጋገሮች የተፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ እንግዳው ሲመጣ ባለቤቱ ቅጽል ይጨመርለታል። ስለዚህ ተርጓሚው «ኩሳኪዞሜ»ን ከ1856 በፊት ስለ ነበረ ሥራ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ቢያስገባው የዘመን ስሕተት ይሆንበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀለማት ስያሜ ነው። አማርኛ «ሰማያዊ»፣ «ቡናማ»፣ «ወይን ጠጅ» እያለ ቀለምን በሚታወቅ ነገር ይሰይማል። ይሁን እንጂ ይህ ስያሜ በመምሰል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቡናማ ጨርቅ ቡናን ይመስላል እንጂ በቡና አልተቀለመም። በአንፃሩ «አካኔ»፣ «ሙራሳኪ»ና «አይ» የሚሉት የጃፓንኛ ቃላት በመጀመሪያ የዕፅ፣ ከዚያም የቀለም ስሞች ናቸው። «አካኔ» ቀይ ሥር ማለት ሲሆን፣ ቀይ ቀለም የሚሰጠውን ሥር ያመለክታል። «ሙራሳኪ»ም እንዲሁ ሥሩ ቀለም የሚሰጥ ተክል ነው። ስለዚህ «ሙራሳኪ፦ ወይን ጠጅ» ብሎ የሚያቆም መዝገበ ቃላት አልተሳሳተም፤ የቃሉን ግማሽ ብቻ ሰጥቷል። ቀለሙ ከየት እንደ ተገኘ የሚናገረው ግማሽ ቀርቷል።

በ«አይ» የሚቀለሙት ሰማያዊ ጨርቆች ደግሞ እንደ ድምቀታቸው የየራሳቸው ስም አላቸው። ከሁሉ የፈዘዘው «ካሜኖዞኪ» ይባላል፤ ጨርቁ ለቅጽበት ብቻ ስለሚነከር ወደ ጋኑ አጮልቆ ተመለሰ ለማለት ነው። ከዚያ «አሳጊ»፣ «ሃናዳ»ና «ኮን» እየደመቁ ይከተላሉ። ድምቀቱ የሚጨምረው ጨርቁ ደጋግሞ ሲነከርና በየመካከሉ አየር ሲያገኝ በመሆኑ፣ የስሞቹ ተራ የሥራውን ተራ ያሳያል። ሁሉንም «ሰማያዊ» ብሎ ማለፍ ይህን ተራ ያጠፋዋል።

«አይ» ራሱ በተለምዶ «ኢንዲጎ» ተብሎ ይመለሳል። ስለ ቀለሙ ከሆነ ይህ ትክክል ነው፤ ስለ ተክሉ ከሆነ ግን አሳሳች ነው። ኢንዲጎ ስሙን ያገኘው ከሕንድ አገር ሲሆን፣ የጃፓኑ ተክል ከመቅመቆ ጋር የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ነው። ቀድሞ አዋ ትባል በነበረችው በቶኩሺማ አውራጃ ቅጠሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ ይከመራል፤ ውሃ እየተርከፈከፈበትና እየተገላበጠ ለ100 ቀናት ያህል ሲብላላ «ሱኩሞ» የተባለው ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ሱኩሞው በጋን ውስጥ ከአመድ ውሃ፣ ከፉርሽካ፣ ከኖራና ከሩዝ ከተጠመቀ መጠጥ ጋር ተዋሕዶ እንደ ገና ይብላላል። ጃፓናውያን ይህን ሥራ «አይን ማቆም» ይሉታል። ሲደርስ ከላይ የሚታየውን አረፋ «አይ ኖ ሃና» ይሉታል፤ ቃል በቃል የአይ አበባ ማለት ነው። ሥራውን የማያውቅ ተርጓሚ ይህን እውነተኛ አበባ ሊያደርገው ይችላል።

ለዚህ ክፍል የአማርኛ አቻ ስንፈልግ ከሸማኔው ቤት ይልቅ ከጠላ ጠማቂዋ ጓዳ የተሻለ እናገኛለን ብለን እናምናለን። «መጠንሰስ» በሚለው ቃል ውስጥ ጋን፣ መብላላት፣ ጊዜ መጠበቅና የእጅ ልምድ አብረው አሉ። ስለሆነም «አይን ማቆም» ለሚለው «አይ መጠንሰስ» የሚለውን አቻ እንድንይዝ፣ «ሱኩሞ»ን ግን ብስባሽ ከሚለው ቃል ጋር እንዳይደባለቅ በውሰት እንድንቀበል ሐሳብ እናቀርባለን።

አቻው በእጃችን እያለ ችግር የሚፈጥርበትም ጊዜ አለ። «ቤኒባና» የተባለው፣ በያማጋታ አውራጃ የታወቀው ቀይ ቀለም ሰጪ አበባ፣ በጾም ፍትፍት የምናውቀው ሱፍ ነው። እኛ ፍሬውን ስንጠቀም እነርሱ የአበባውን ቅጠል ይወስዳሉ። ብጫው ቀለም በውሃ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ቀዩ በአመድ ውሃ ይወጣል። ይሁን እንጂ «በሱፍ የተቀለመ ጨርቅ» ብንል አንባቢው የበጉን ጠጉር ያስባል፤ «የሱፍ አበባ» ብንል ደግሞ ፀሐይን ተከትሎ የሚዞረው ሌላው ተክል ይመጣበታል። በጨርቅ ነክ ጽሑፍ «የጾም ሱፍ» ወይም «የሱፍ ተክል» እያሉ መለየት ግዴታ ነው።

የጃፓን ሕግም ለቃል ሠራተኛው ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ የሙያውን ባለቤት ያከብራል። አይንና ቃጫውን ራሳቸው ዘርተው፣ ፈትለው፣ ሸምነውና አቅልመው ይሠሩ የነበሩት የሚያጊ አውራጃዋ ወይዘሮ ቺባ አያኖ በ1955 ይህን ማዕረግ አግኝተዋል። ሕዝቡ እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ኒንገን ኮኩሆ» (የአገር ሀብት የሆነ ሰው) ይላቸዋል፤ በሕጉ ውስጥ ግን ይህ ቃል የለም። በ1975 ሕጉ ሲሻሻል ለቅርሱ ጥሬ ዕቃና መሣሪያ የሚያዘጋጁትን ሙያዎች የሚጠብቅ ክፍል ተጨመረበት፤ በ1978ም የአዋ ሱኩሞ ዝግጅት በዚሁ ክፍል ተመዘገበ። አቅላሚው ተከብሮ ሱኩሞ አዘጋጁ ቢጠፋ ጋኑ ባዶ እንደሚቀር ተገንዝበዋል ማለት ነው።

በመዝገበ ቃላት ሥራም ነገሩ እንዲሁ ነው። የተጠናቀቀውን ዕቃ ስም መመዝገብ ቀላል ነው፤ የሚጠፉት በመካከል ያሉት የሥራ ቃላት ናቸው። «አለላ» የሚለውን ስም መዝግቦ፣ ሣሩ በምን እንደሚነከር፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚይዝና መድረሱ በምን ምልክት እንደሚታወቅ ስፌት ሠሪዎቹ የሚናገሩባቸውን ግሦች መተው፣ አቅላሚውን አክብሮ ሱኩሞ አዘጋጁን እንደ መርሳት ነው። በመሆኑም የሙያ ቃላት ሰብሳቢዎች ከስም ይልቅ ከግሥ እንዲጀምሩ፣ ቃሉንም ሥራው በሚሠራበት ቦታ ተገኝተው እንዲመዘግቡ እናሳስባለን።