መስመሩ ሙሉ፣ ጥሪው እምቢ

ከአንበሳሜ ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው መሬቱ ወደ ጉና ተራራ እያደገ ይቀበለዋል፤ ወደ ምዕራብ ዞር ካለ አገሩ ወደ ጣና ዘቅዝቆ ይከፈትለታል። ሸንተረር ለሸንተረር የሚተያይ፣ መሐሉን ገደል የሚቆርጠው እንዲህ ያለ አገር የስልክ ሞገድን አጥብቆ ይፈትናል። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ጉብታ ላይ ወጥቶ መደወል የማያውቅ የለም። ግን ጉብታው ላይም ተወጥቶ፣ ስልኩ ላይ የሚታየው መስመር ሙሉ ሆኖ፣ ጥሪው እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ለዚህ መልሱ የሞገዱ ጉልበት ዘንድ አይገኝም።

በ1991 ዓ.ም ሞባይል አገራችን ሲገባ አብሮት የመጣውን ጂኤስኤም የተባለ ሥርዓት እንይ፤ በተራ የቁልፍ ስልክ ዛሬም የምንደውለው በእሱ ነው። በዚህ ሥርዓት አንዱን የሞገድ መስመር ስምንት ስልኮች በተራ ይጠቀሙበታል። የአንዱ ተራ 577 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ስልኩ በዚያች ቅጽበት 148 ቢት፣ ማለትም የመልእክቱን ትንንሽ ቅንጣቶች፣ ልኮ ዝም ይላል፤ ባለተራው ይቀጥላል። ችግሩ ርቀት ነው። ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከማማው 15 ኪሎ ሜትር የራቀ ስልክ የማማውን ምልክት የሚሰማው 50 ማይክሮ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ መልሱ ማማው ዘንድ እስኪደርስ ሌላ 50 ይጨመራል። በተራና በተራ መካከል የተተወው ክፍተት 30 ገደማ ስለሆነ መልሱ በሰው ተራ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ማማው ጥሪ ከማስተናገዱ በፊት ርቀት ይገምታል። ስልኩ መጀመሪያ አጭር የ«አለሁ» ምልክት ይልካል፤ በውስጡ ማማው አስቀድሞ የሚያውቃቸው 41 ቢቶች አሉ። ማማው የሚያውቀውን በሰማው ላይ እያንሸራተተ ያስተያያል። ሁለቱ ልክ የሚገጥሙበት ነጥብ መዘግየቱን ይነግረዋል፤ «ይህን ያህል ቀድመህ ላክ» ብሎ ስልኩን ያዘዋል። ትእዛዙ ከ0 እስከ 63 ብቻ ነው፤ አንዱ ደረጃ 550 ሜትር ያህል ነው፤ መጨረሻው 35 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለ ስልክ ማማውን ጥርት አድርጎ ቢሰማውም ማማው አይቀበለውም። (ለአንድ ሰው ሁለት ተራ ሰጥቶ ገደቡን የሚያርቅ አሠራር አለ፤ የሚያስተናግደው ሰው ግን በግማሽ ይቀንሳል።) በሜዳ አገር ይህ እምብዛም አያስጨንቅም፤ የምድር ክብነት ቀድሞ ይጋርዳል። ከደብረ ታቦር ከፍታ ግን ሰማዩ ሲጠራ ጣና ይታያል፤ ርቀቱም በአየር መስመር ከ35 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ሌላው ፈተና ገደሉ ነው። እረኛ ገደል ፊት ሲጣራ ድምፁ ተመልሶ እንደሚመጣ ሁሉ ሞገዱም አለት መትቶ ዘግይቶ ይደርሳል። አንድ ቢት የሚቆየው 3.69 ማይክሮ ሰከንድ ነውና 1.1 ኪሎ ሜትር ዞሮ የመጣ ማሚቶ በቀጣዩ ቢት ላይ ይደረባል። መድኃኒቱ አሁንም ግምት ነው። ከ148ቱ ቢት 26ቱ ምንም ወሬ የማይነግሩ፣ ተቀባዩ በቃሉ የሚያውቃቸው ናቸው። የተቀመጡትም መሐል ላይ ነው፤ መኪና ውስጥ ያለ ስልክ የሞገዱ መንገድ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥበት፣ መሐል ላይ የተለካ ለሁለቱም ዳር ይቀርባል። ተቀባዩ እነዚህ ቢቶች እንዴት ተዛብተው እንደደረሱ አይቶ የቀሩትን ያቃናል። የሥርዓቱ ነዳፊዎች ተራራማ አገርን አልዘነጉም፤ ለመፈተኛ ባወጡት የተራራ ሞዴል ማሚቶው እስከ 20 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህም 6 ኪሎ ሜትር ትርፍ መንገድ ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የቢቱ ቅርፅ ነው። ቢቱን የሚሸከመው ምት ጠርዙ የሰላ ከሆነ ከተመደበለት የሞገድ ስፋት አልፎ ጎረቤት ይረብሻል። ሃሪ ናይኩዊስት የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1928 ምቶች ሳይጠላለፉ እንዴት ሊላኩ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። የጂኤስኤም ነዳፊዎች ግን መጠላለፉን ሆን ብለው ፈቀዱ፦ ምቱን አለዘቡት፣ እያንዳንዱ ቢት በሦስት ቢት ጊዜ ላይ ያህል ተዘረጋ። በለውጡ ምልክቱ በ200 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ውስጥ ተጠቃለለ፤ የሞገዱም ጉልበት ከፍ ዝቅ ስለማይል የስልኩ ማጉያ ርካሽና ባትሪ ቆጣቢ ሆነ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነዳፊዎቹ ያመጡትን መደራረብና ገደሉ ያመጣውን የሚፈታው በ26ቱ ቢቶች የሚያቃናው ያው አንድ የተቀባዩ መሣሪያ ነው።

ፎርጂ መንገዱን ቀየረ። እያንዳንዱን ምት ወደ 67 ማይክሮ ሰከንድ አስረዝሞ ጭራውን ቀድቶ ከፊቱ ይቀጥልለታል። ቅጥያው 4.7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው፤ እስከ 1.4 ኪሎ ሜትር ዞሮ የመጣ ማሚቶ እዚያው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ለተራራማ አገር 16.7 ማይክሮ ሰከንድ የሆነ ረዥም ቅጥያ ተፈቅዷል፤ ሰባት ምት ይላክበት የነበረው ጊዜ ግን ስድስት ብቻ ይይዛል።

መስመሩ ሙሉ ሆኖ ጥሪው እምቢ ለሚልበት ሩቅ ቦታ ከሁሉ የሚቀለው መላ ማማው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ማዘንበል ነው። የሩቁ ሸንተረር ሰው ያን ቀን ስልኩን አይቶ «ኔትወርክ ቀነሱብን» ይላል፤ የጠፋበት ግን ድሮም ጥሪ የማይቀበለው መስመር ነው።