ፖሙ ለምን ይጣመማል?

ፍራፍሬ ቤት ፖም ስትመርጡ አንድ ጎኑ ሞልቶ ሌላው ጎኑ የጎደለ ቢያጋጥማችሁ አትለፉት። ግዙትና ቤት ወስዳችሁ በወገቡ አግድም ቁረጡት። መካከሉ ላይ ባለ አምስት ጨረር ኮከብ ታያላችሁ። እያንዳንዱ ጨረር የዘር ማደሪያ ነው፤ በአብዛኛው ሁለት ሁለት ዘር ይይዛል፣ ከተሟላ አሥር ይሆናል። አሁን የጎደለውን ወገን ተመልከቱ። በዚያ በኩል ያሉት ማደሪያዎች ወይ ባዶ ናቸው፣ ወይ ደግሞ የጫጨ ዘር ብቻ ነው ያለባቸው።

በማደግ ላይ ያለ ዘር ሆርሞን ያመነጫል፤ በዙሪያው ያለው የፍሬው ሥጋ የሚወፍረውም በዚህ ሆርሞን ነው። ዘር በሌለበት በኩል አዛዥ ስለሌለ ሥጋው ይቀጭጫል። ዘሩ እጅግ ያነሰ ፍሬማ ብዙውን ጊዜ ገና እንጭጭ ሳለ ከዛፉ ይረግፋል። ስለዚህ ገበያ የደረሰው ጠማማ ፖም ለጥቂት ያመለጠ ነው። ዘሩ የጎደለበት ምክንያት ግን ከወራት በፊት፣ ዛፉ ባበበባቸው ጥቂት ቀናት ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ፖም አንድ አንድ አበባ አያወጣም፤ ከአንድ እምቡጥ አምስት ስድስት ሆነው በዘለላ ይወጣሉ። ሳይፈኩ ሮዝ ናቸው፣ ሲፈኩ ይነጣሉ። ቀድሞ የሚከፈተው መካከል ላይ ያለው ሲሆን ትልቁን ፍሬ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አንዱን አበባ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት፣ መሐሉ ላይ ጫፋቸው የሚያጣብቅ አምስት ቀጫጭን የሴቴ ዘንጎች አሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ ሃያ ገደማ የወንዴ ክሮች ቢጫ ብናኝ ተሸክመው ቆመዋል። ብናኙ የሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ዓይን የማያየው ቱቦ ያበቅላል፤ ቱቦው በዘንጉ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ እንቁላሉን ሲያገኝ አንድ ዘር ተጀመረ ማለት ነው።

ወንዴውም ሴቴውም እዚያው አንድ አበባ ላይ ካሉ ንብ ለምን ታስፈልጋለች? አብዛኛው ፖም የራሱን ብናኝ ስለማይቀበል ነው። ብናኙ ከዚያው ዝርያ የመጣ ከሆነ ዘንጉ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ይለየውና ቱቦው መንገድ ላይ ይቀራል። ከሌላ ዛፍ ቢመጣስ? ዛፉ ያው ዝርያ ከሆነ አይረዳም። ፉጂ የሚባለው ፖም በሙሉ በግራፍት (ቅርንጫፉ ሌላ ግንድ ላይ እየተቀጠለ) እየተባዛ ከአንድ እናት ዛፍ የወረደ ነው፤ ሺህ ፉጂ አንድ ላይ ቢተከል ብናኙ ለአበባው ባዕድ አይሆንም። አትክልተኞች በየረድፉ መካከል ሌላ ዝርያ፣ አንዳንዴም ፍሬው የማይበላ ትንንሽ የዱር ፖም ጣልቃ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ሁለቱ ዝርያዎች በአንድ ሰሞን ማበብ አለባቸው፤ አንዱ ረግፎ ሌላው ቢፈካ ትርፉ ድካም ነው። ክሪስፒንና ጆናጎልድን የመሳሰሉት ደግሞ ብናኛቸው ደካማ ስለሆነ ለጎረቤት የሚሰጡት የላቸውም። ችግኝ ሻጭ ሁሉ ይህን አይነግራችሁም።

የፖም ብናኝ የሚጣበቅና ከባድ ስለሆነ ነፋስ እንደ በቆሎ ብናኝ አይወስደውም። ስለዚህ ሥራው የንብ ነው። ስለ ንብ ትጋት ብዙ ተወርቷል፤ ፖም ላይ ስትመጣ ግን አንዳንዴ ሌባም ናት። ብናኝ ለመሰብሰብ የመጣችው ንብ ክሮቹን እያመሰች ሴቴውን ሳትነካ አትሄድም። ጣፋጩን ፈሳሽ ብቻ የፈለገችው ግን፣ በተለይ ሬድ ደሊሽየስ ላይ፣ ዘዴ ታውቃለች። የክሮቹ ሥር ክፍተት ስላለው የአበባው ቅጠል ላይ ቆማ ምላሷን በጎን አስገብታ ትመጣና ትሄዳለች፤ የሴቴው ጫፍ ሳይነካ ይቀራል። ሌላም አመል አላት፦ አንድ ረድፍ ከለመደች ከእሱ መራቅ አትወድም። ደግነቱ ቀፎ ውስጥ ከእህቶቿ ጋር ስትታከክ ሌላ ዝርያ ላይ የዋሉት ንቦች ብናኝ ጸጉሯ ላይ ይቀራል፤ ረድፏን ሳትለቅ እንኳ ባዕድ ብናኝ ይዛ ትመለሳለች።

ቀፎ የሚከራዩ አትክልተኞች አበባው ከመፈካቱ በፊት አያስገቡትም። ንቦቹ ቀድመው ከመጡ በአካባቢው ያገኙትን ሌላ አበባ ይለምዱና ፖሙን ዞር ብለው አያዩትም። ከአበባው አንድ አሥረኛው ያህል ሲፈካ ማስገባት ይመረጣል።

ብርድ ሲመጣ ጉዳቱ ድርብ ነው። ከ12 ወይም 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የማር ንብ ከቀፎዋ እምብዛም አትወጣም። ብናኙ አስቀድሞ ደርሶም ከሆነ ቱቦው በብርድ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ ጥቂት ቀን ብቻ የሚቆየው እንቁላል ሳይደረስበት ያልፍበታል። ውርጭ ከወረደማ ሌላ ነገር ነው፤ የፈካ አበባ 4 ዲግሪ ከዜሮ በታች አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው ይሞታል።

እኛ አገር ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለችው ጨንቻ ሚስዮናውያን ባስገቡት ፖም ትታወቃለች። ሌሊቱ ይበርዳል፤ የአውሮፓ ዓይነት ወራት የሚዘልቅ ብርድ ግን የለም። ብዙ የፖም ዝርያዎች ደግሞ ከእንቅልፋቸው ለመንቃት ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ እስከ ሺህ ሰዓት የሚደርስ ብርድ ይፈልጋሉ። ያንን ካላገኙ ዛፉ በአንድ ጊዜ አይፈካም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ገና እምቡጥ ነው። ያኔ ንብ ብትሞላም ከየት ወደ የት ትወስዳለች? አና የምትባለው ዝርያ የተወደደችው በዚህ ምክንያት ነው። እስራኤል ውስጥ በዓይን ሼሜር ኪቡትስ አባ ስታይን ያዳቀላት ስትሆን 300 ሰዓት ገደማ ብርድ ይበቃታል። ብቻዋን ጥቂት ፍሬ ልትይዝ ትችላለች፤ እሷ በምታብብበት ሰሞን የሚያብበው፣ ባሃማስ ውስጥ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን አጠገቧ ሲተከል ግን ፍሬዋ ይበዛል።

ግቢያችሁ ውስጥ ያለው አንድ ዛፍ ብቻ ከሆነና በየዓመቱ አብቦ ባዶውን የሚቀር ከሆነ ሁለተኛ ዛፍ እስክትተክሉ የሚያገለግል ዘዴ አለ። በዚያው ሰሞን ካበበ ሌላ ዝርያ ጥቂት አበባ ያላቸው ቅርንጫፎች ለምኑና ውሃ ባለበት ባልዲ ነክራችሁ ዛፉ ላይ ወይም ሥሩ አስቀምጡ፤ ማመላለሱን ንቦቹ ይችሉበታል። በእነዚያ ቀናት ፀረ ተባይ አትርጩ፤ ጎረቤታችሁም እንዳይረጭ ንገሩት። ከመቶ አበባ አምስት ወይም አሥሩ ፍሬ ከያዘ ለዛፉ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ ከያዘ እንዲያውም ማሳሳት ያስፈልጋል። ባልዲው ውሃ እንዳይጎድልበት ብቻ ጠዋት ጠዋት እዩት።