ያውቁ ኖሯል? የፈንጣጣ ወገኖች ሰውነትን የሚያታልሉባቸው ፕሮቲኖች

ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ ቢጠፋም ወገኖቹ የሆኑት ፖክስ ቫይረሶች ዛሬም ሰውን፣ ከብትን፣ በግንና ፍየልን ያጠቃሉ። ሰውነታችን ክትባትም ሆነ የቀደመ ሕመም ሳይጠብቅ ወዲያው የሚያነሣው ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው። እነዚህ ቫይረሶች ግን ያንን መከላከያ ገና በጠዋቱ የሚያዳክሙ ፕሮቲኖች ታጥቀዋል።

• አብዛኞቹ የዲኤንኤ ቫይረሶች የሚራቡት በሕዋሱ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ፖክስ ቫይረሶች ግን ከኒውክለሱ ውጭ፣ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ይራባሉ፤ የሚያስፈልጓቸውን ኢንዛይሞችም ይዘው ይገባሉ። ለፈንጣጣ ክትባት ያገለገለው ቫክሲኒያ ወደ 200 የሚጠጉ ጂኖች አሉት፤ ብዙዎቹ ሥራቸው የሰውነትን መከላከያ ማክሸፍ ነው።

• ከኒውክለስ ውጭ የተገኘ ዲኤንኤ ለሕዋሱ የአደጋ ምልክት ነው። ሲጋስ የተባለው ኢንዛይም ዲኤንኤውን ሲያገኝ ሲጋምፕ የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ይሠራል፤ ሲጋምፕም ስቲንግ የተባለውን ፕሮቲን ቀስቅሶ ኢንተርፌሮን የተባለ የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን እንዲመረት ያደርጋል። ቫክሲኒያ ግን ሲጋምፕን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው። ፖክሲን ይባላል፤ ሥራው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

• ቫይረሱ ሲራባ ድርብ አር ኤን ኤ ይፈጠራል። ፒኬአር የተባለው ፕሮቲን ይህን ሲያገኝ የሕዋሱን የፕሮቲን ምርት ያስቆማል፤ ያኔ ቫይረሱም መራባት ያቅተዋል። ቫክሲኒያ ለዚህ ሁለት መላ አለው፦ ኢ3 ድርብ አር ኤን ኤውን ይሸፍነዋል፤ ኬ3 ደግሞ ፒኬአር ሊያጠቃው የሚፈልገውን ፕሮቲን መስሎ በመቅረብ ጥቃቱን ወደ ራሱ ይስባል።

• ኢ3 ቢወሰድበትስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ የኬ3ን ጂን ደጋግሞ በመገልበጥ ያበዛዋል። ጠቃሚ ሚውቴሽን ከተገኘ በኋላ ትርፍ ቅጂዎቹ ሊቀንሱ ይችላሉ። አጥኚዎቹ ይህን ከሚዘረጋና ከሚሰበሰብ አኮርዲዮን ጋር አመሳስለውታል።

• ኢንተርፌሮን በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበት ፕሮቲን ነው። ቢ18 የተባለው የቫክሲኒያ ፕሮቲን ከሕዋሱ ወጥቶ በጎረቤት ሕዋሳት ላይ ይለጠፋል፤ ኢንተርፌሮኑንም ሳይደርስ ይይዘዋል።

• ትኩሳት ራሱ የመከላከያ ሥራ ነው። ቢ15 የተባለው ፕሮቲን ትኩሳት ከሚቀሰቅሱት አንዱ የሆነውን ኢንተርሉኪን 1 ቤታን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ቢ15 በሌለው ቫክሲኒያ የተያዙ አይጦች ትኩሳት ያዛቸው፤ ቢ15 ባለው ቫይረስ የተያዙት ግን አላተኮሱም።

• በደም ውስጥ ኮምፕልመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች ወራሪን ያጠቃሉ። የቫክሲኒያ ፕሮቲን ይህን ጥቃት ሲገታ የታየው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። የፈንጣጣው አቻ ፕሮቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመረመር፣ ከኮምፕልመንት ዋናዎቹ አንዱ የሆነውን የሰው ሲ3ቢን በማክሸፍ ከቫክሲኒያው 100 እጥፍ ገደማ ብርቱ ሆኖ ተገኘ። ፈንጣጣ ለሰው ልጅ ያን ያህል አደገኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

• ከእነዚህ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ቫይረሱ ከአስተናጋጆቹ ከወሰዳቸው ጂኖች የመጡ ናቸው። ለምሳሌ ቢ15 በሕዋሳችን ላይ ያለውን የኢንተርሉኪን ተቀባይ ይመስላል። ቫይረሱን ያጠኑ ሰዎች ስለ ራሳችን መከላከያም ብዙ የተማሩት ለዚህ ነው።

• ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በኦጋዴን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው መጥፋቱን ያወጀው በ1980 ነበር። የፈንጣጣ ዘመድ የሆነው ኤምፖክስ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 በሞያሌ ተገኝቷል።

• ዛሬ ኤምፖክስን ለመከላከል ከሚሰጡት ክትባቶች አንዱ የተሠራው ከተዳከመ ቫክሲኒያ ነው። በጀርመን፣ ሙኒክ፣ አንቶን ማየርና ባልደረቦቹ ቫይረሱን በዶሮ ሽል ሕዋሳት ላይ ከ570 ጊዜ በላይ ደጋግመው አራቡት። ቫይረሱ ከዘረመሉ 15 በመቶ ያህሉን፣ ብዙዎቹን የማታለያ ጂኖች ጨምሮ፣ ጣለ። በሰው ሕዋስ ውስጥ መራባት ተሳነው፤ መከላከያችንን ግን ያነቃል። ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ጤና ድርጅትን ቅድመ ማረጋገጫ አግኝቷል። የቫይረሱን ማታለያዎች አንድ በአንድ ማወቅ የሰውን ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው።